በእኔ ክንድ የተለካ ግፊት

የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው። ሳልፈልግም ስለ ራሴ ይገባበታል። ጽሑፍ ብዙ አልለመድኩም፤ አንዱን ቃል ጽፌ ሌላውን እስካገኝ ሻዩ ይቀዘቅዛል። በአፌ ልናገረው ስል ግን መነሻው ይጠፋኛል። ስለዚህ ይኸው።

ባለቤቴ ክሬን ነጂ ነበር። ክሬን ስል በጎማ የሚሄደውን ትንሹን አይደለም፤ ፎቅ ሲሠራ ከፎቁ በላይ ቆሞ የሚታየውን ረጅሙን ነው። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ላይ ሠርቷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መሰላሉን ይጀምራል፣ ሃያ ደቂቃ ይወጣል፣ ካቢኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ አመሻሽ ላይ ይወርዳል። ምሳው በገመድ ይላክለታል። ሽንቱን በጠርሙስ ነው የሚሸናው። ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም መሰለኝ፤ ግን ሥራው እንደዚያ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው "ላይኛው" ይሉታል። "ላይኛው ዛሬ ፊቱ ጠቁሯል፣ ሊዘንብ ነው" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ይወደዋል። ቤት ሲገባ ግን ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ፍራሽ ግድግዳው ሥር አስጠግቶ መሬት ላይ ነው። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት "ከፍታ ጠግቤያለሁ፣ ለእናንተ ትቼላችኋለሁ" ይላቸዋል።

ነገሩ የጀመረው ትንሿ ልጃችን የተወለደች ጊዜ ነው። እርግዝናው ሊያልቅ ሲል የደም ግፊቴ ወጣ፤ ከወለድኩም በኋላ አልወርድ አለ። ጤና ጣቢያ ካርድ አወጡልኝና በየጠዋቱ አንድ ኪኒን ዋጪ፣ በየወሩ እየመጣሽ ተለኪ ተባልኩ። "እኛ አቁሚ ሳንልሽ እንዳታቆሚ" አለችኝ ሲስተር። ይህች ሲስተር ድምጿ ወፍራም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ሰው ስታክም ትቀልዳለች። እኔ ስለምፈራት ቀልዷ የሚገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት የባለቤቴን ትራስ ደም ነክቶት አገኘሁ። አፍንጫው ነስሮት ነው። "ሙቀቱ ነው" አለኝ። በሳምንቱ ደገመው። ራሱንም ከኋላ በኩል ይወቅረው ጀመር። እየጎተትኩ ማለት ይቻላል፣ አንድ ፋርማሲ ወሰድኩት። የፋርማሲዋ ልጅ ለካችው፤ እንደገና ለካችው።

"መቶ ሰማንያ አምስት በመቶ አሥር። ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ" አለችው።

እሱ እጅጌውን እያወረደ "አትጻፊው" ነው ያላት።

መንገድ ላይ አስረዳኝ። ድርጅቱ በየዓመቱ ያስመረምራቸዋል። ግፊት ያለበት ሰው ክሬን ላይ አይወጣም። የሚመረምራቸው ደግሞ ያው እኔ የምታከምበት ጤና ጣቢያ ስለሆነ፣ እሱ እዚያ ካርድ ካወጣ ወሬው ድርጅቱ ጋ መድረሱ አይቀርም።

"ታዲያ ውረዳ" አልኩት። "መሬት ላይ ስንት ሥራ አለ።"

"ምን ሥራ?"

"እኔ እንጃ። አካፋ አይጠፋም።"

"አንቺ፣ እኔ እኮ አካፋ አያያዝ እንኳ ረስቻለሁ" ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ኪኒኔን መዳፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። እኔ ብወድቅ የምወድቀው የገዛ ወለሌ ላይ ነው። እሱስ? ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፤ ብረቱን በሰው አናት ላይ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ኪኒኑን ሰጠሁት።

"ያንቺስ?" አለኝ።

"ነገ እወስዳለሁ።"

አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ፣ ሁለት ወር እንዲህ ሄድን። ከዚያ የራሴን ቀን እየዘለልኩ ሁሉንም ለሱ አደረግሁት። ሲስተር ስትለካኝ ግን ልክ ነኝ። መቶ ሃያ በሰማንያ። ለካ የኔው በራሱ ጊዜ ወርዶ ኖሯል፤ ከወሊድ በኋላ አንዳንድ ሴት ላይ እንዲህ እንደሚሆን የሰማሁት በቅርቡ ነው። ሲስተር ግን የኪኒኑ ሥራ መሰላት። "እንዳንቺ ያለ ታካሚ አሥር ቢኖረኝ እግሬን ሰቅዬ እቀመጥ ነበር" አለችኝ። ለባለቤቴ ስነግረው "በርቺ፣ ግፊቴን በደንብ ያዢልኝ" አለኝ። ሳቅን። ሦስት ዓመት እንዲህ እየሳቅን ኖርን። የዓመቱ ምርመራ ሲመጣ ያልፋል፣ ኪኒኑ ይሠራ ነበርና። ስህተት መሆኑ አልታየኝም። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ወር ሲስተር ካርዴን ወደ ኋላ ገልጣ ገልጣ አየችና "እህቴ፣ ደህና ከሆንሽ ቆየሽ። ኪኒኑን በግማሽ እንቀንሰው" አለችኝ።

ምን ልበል? "ሲስተር፣ እንደ ድሮው ቢሆን አይሻልም?"

"ምነው፣ ጣመሽ እንዴ?"

"ለምጄዋለሁ።"

"ስኳር አይደል የሚለመድ። ግማሽ።" ጻፈች።

ለወር የሚሰጡኝን ግማሽ ግማሽ ኪኒን ሁለት ሁለቱን ሳገጣጥመው ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ በቃው። በሩብ እየሰበርኩ ላዳርሰው ስል ደግሞ ይፈረፈርብኛል። ስለዚህ አሥራ አምስት ቀን በኪኒን፣ አሥራ አምስት ቀን እንዲሁ ክሬኑ ላይ ይወጣል። ፋርማሲ ዞርኩ። ሁሉም "ወረቀት አምጪ" አሉኝ። ያቺ የለካችው ልጅ እንኳ አላወቀችኝም።

በቀጣዩ ወር ያደረግሁትን ስጽፍ አፍራለሁ። ጨው በውሃ በጥብጬ ጠጣሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ እስኪያስመልሰኝ። በቀጠሮዬ ቀን የጤና ጣቢያውን ደረጃ ከታች እስከ ሦስተኛ ፎቅ በሩጫ ወጣሁት፤ ወርጄ እንደገና ወጣሁት። ሲስተር ክንዴን ጠቅልላ ለካችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ሆነሻል፣ ውሻ አባሮሻል?"

"ተጣድፌ ነው።"

"አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። አታውሪ፣ አታስቢ።"

እኔ ግን አሰብኩ። እሱ ከላይ ሲወድቅ አሰብኩ፣ ልጆቹ ሲያለቅሱ አሰብኩ፣ ልቤ እንዲመታ ብዬ። ልቤ እንኳ አላገዘኝም። መቶ ሃያ ሁለት በሰማንያ።

"እሰይ" አለች ሲስተር። "ከዛሬ ጀምሮ ኪኒን የለም። ነፃ አውጥቼሻለሁ።" ካርዱን አጥፋ ሌሎቹ ላይ ወረወረችው። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሰምተው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩና መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባዶ እጄን ገባሁ። "የለም አሉኝ" አልኩት። "ግድ የለም፣ አሁን ድኛለሁ መሰለኝ" አለ። ከምግቡ ጨው አወጣሁ። "ይሄ ሾርባ ታሟል እንዴ?" ይላል ማንኪያውን እያገላበጠ፤ ግን ይበላዋል። ከአልጋው ሲነሳ ግድግዳውን ይይዛል። ልጆቹ ሲስቁ ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል። "ሂድና ታይ" እለዋለሁ፤ "የዓመቱ ምርመራ ይለፍ" ይላል። "በምን ታልፈዋለህ?" ስለው ወደ ልጆቹ ይዞራል። ቀኑን በውስጤ እቆጥራለሁ። አሥር ቀን ያለ ኪኒን፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ልብስ ሳሰጣ፣ ዳቦ ስገዛ፣ የትም ሆኜ ክሬኑን ቀና ብዬ አያለሁ። ሲዞር ካየሁ ትንሽ እተነፍሳለሁ። ከቆመ እስኪዞር ድረስ ከቦታዬ አልነቃነቅም።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን አጣው። ወለሉን ዳሰሰ። ማሰሪያው እግሩ ላይ ነው።

"ምነው?" አልኩት።

"ግራ ዓይኔ ላይ ጭስ አለ።"

"ዛሬ ቅር።"

"ዛሬ ሶሌታ ነው የሚሞላው" አለ። ሶሌታ የሚሉት የፎቁን ወለል ነው። ኮንክሪቱ በትልቅ ባልዲ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ከተጀመረ አይቆምም። "ያ ሁሉ ሰው እኔን ነው የሚጠብቀው።"

"ያ ሁሉ ሰው ባልዲው ሥር አይደለም እንዴ?"

ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም፤ እኔም ራሴ ደነገጥኩ። "ስመጣ እናወራለን" ብሎ ወጣ። በሩን ሲከፍት መያዣውን ሁለት ጊዜ ሳተው።

ልጆቹን ለጎረቤት ትቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርዴ ስለተዘጋ ተራ የለኝም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሲወጣ ልነሳ እልና ሌላ ሰው ይገባል። ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ምን እላታለሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ አሞኘሁሽ እላታለሁ? ከነገርኳት እሱ ሥራውን ያጣል። ካልነገርኳት ደግሞ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በከዘራቸው እግሬን ነካ አድርገው "ልጄ፣ ወይ ግቢ ወይ ተረጋግተሽ ተቀመጪ፣ አግዳሚው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወገቤን ያመኛል" አሉኝ። ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

"ደግሞ ምን ሆንሽ? ነፃ አውጥቼሽ አልነበረም?" አለች ሲስተር።

"ኪኒኑን እኔ አልዋጥኩትም።"

"የቱን?"

"ሁሉንም።"

"ማን ዋጠው?"

"ባለቤቴ።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ትንሿ ልጄ አራት ዓመት ልትይዝ ነው።"

"እሱን ማን እየለካው?"

"ማንም።"

"እንግዲህ እኔ ያንቺን ክንድ እየለካሁ የሱን ኪኒን ቀነስኩ" አለች። ይሄን ለኔ አላለችኝም፤ ለግድግዳው ነው። ከዚያ "አሁን የት ነው?"

"ላይ።"

"ምን ላይ?"

በመስኮቷ አሳየኋት። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ክሬኑ ይታያል። እየዞረ ነበር። መነጽሯን አድርጋ አየችው፤ ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም እሱን ብቻ አየን።

"ሂጂ አስወርጂው" አለችኝ። "እንዳታስደነግጪው። እንዳይሮጥ። ቀስ ብሎ፣ ሰው አብሮት ይውረድ። ከዚያ በቀጥታ እኔ ጋ። ስድብሽን ለሌላ ቀን አቆይቼልሻለሁ።"

የሥራው ቦታ በር ላይ ያገኘሁት ምልክት ሰጪውን ነው። መሬት ላይ ቆሞ በእጁና በሬዲዮ ለባለቤቴ አንሳ፣ አዙር፣ አሳርፍ የሚለው ሰውዬ ነው። ጣቱን ሲያወዛውዝ ስለሚውል "ጣት" ይሉታል። ቤታችን መጥቶ ያውቃል።

"እትዬ፣ ያለ ሄልሜት አይገባም" ብሎ የራሱን አውልቆ ራሴ ላይ ደፋልኝ።

"አስወርድልኝ።"

"ማንን?"

"እሱን።"

"ኮንክሪቱ አየር ላይ እያለ? ፎርማኑ በባልዲው ውስጥ እኔን ነው የሚልከኝ።"

"አሞታል።"

"ማንን፣ ላይኛውን? አሁን እኮ ሲቀልድብኝ ነበር።" ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ ይሄን ሬዲዮ ፎርማኑም ይሰማዋል፣ ቢሮም ይሰማዋል። በሽታ ከተባለ አለቀለት። ልጅ ታማለች ልበለውና ይውረድ። ሌላውን ቤታችሁ ትጨርሱታላችሁ።"

ደግ አሰበልኝ። እኔም ልስማማ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አውቀዋለሁ፤ ልጅህ ታማለች ከተባለ ያን መሰላል እየዘለለ ነው የሚወርደው። በዚያ ዓይን። በዚያ ራስ።

"ለኔ ስጠኝ" አልኩት።

"ይቺን ተጫኚና ተናገሪ፣ ስትጨርሺ ልቀቂ።"

እኔ ከሦስት ሰው በላይ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ቁልፉ አመለጠኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ልጆቹ ደህና ናቸው። ለሲስተር ነግሬያታለሁ፣ የግፊትህን። ባልዲውን አሳርፍና ቀስ ብለህ ውረድ። ቀስ ብለህ።"

ከዚያ የፎርማኑ ድምፅ መጣ፤ "ማናት እሷ? የምን ግፊት ነው?" አለ። እኔ ቀና ብዬ ካቢኑን አያለሁ፤ በዚያ ከፍታ መስታወቱ ብቻ ነው የሚታየው።

"ሰማሁ" አለ ባለቤቴ።

ባልዲው ዞሮ መጣና እንቁላል ያለበት ይመስል መሬት ላይ ቀስ ብሎ አረፈ። ከዚያ የካቢኑ በር ተከፈተ። መሰላሉ ላይ እግሩን ሲፈልግ አየሁት፤ አንዱን እግር አውርዶ ይቆማል፣ ሌላውን ያወርዳል፣ ይቆማል። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ተቀመጠና አልተነሳም። ጣት ሬዲዮውን ለኔ ትቶ ያለ ሄልሜት ሮጦ ወጣ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ "ኮንክሪቱ ሊደርቅ ነው" አለ፤ ሌላው "ይድረቅ፣ ዝም በል" አለው። ጣት ከሱ ሥር እየቀደመ፣ እግሩን በእጁ እየያዘ እርከኑ ላይ ሲያስቀምጥለት ይታየኛል። ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። መሬት ሲደርስ ጓንቱን አውልቆ ለጣት ሰጠውና "ገመዱ ወደ ግራ ይስባል፣ ለሚተካኝ ንገረው" አለው። እኔን ሳያይ ወደ በሩ ሄደ።

ሁለት መቶ ሃያ አምስት በመቶ ሠላሳ። ሲስተር ሦስት ጊዜ ለካችው፤ በሦስተኛው ቀልዷ ሁሉ ጠፋ። የዚያን ቀን ሆስፒታል ላኩትና ስድስት ቀን ተኛ። አንድ ሳምንት ቆይቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቆማችሁ አታወሩኝም ነበር አለ ሐኪሙ። ከግራ ዓይኑ የጠፋው ጠፍቷል፤ አይመለስም። ወረቀቱ ላይ ከፍታ ላይ እንዳይሠራ ብለው ጻፉበት። ድርጅቱ የመሣሪያ መጋዘን ውስጥ አካፋና ጓንት እየቆጠረ እንዲያድል ቦታ ሰጠው። አልሄደም።

ቤት ከገባ ጀምሮ አያናግረኝም። ለልጆቹ ይናገራል። በነሱ በኩል "ለእናታችሁ ውሃ አልቋል በሏት" ይላል። እነሱ ጨዋታ መስሏቸው እየሮጡ ያመላልሳሉ። ኪኒኑን አሁን በገዛ ስሙ እየሰጡት፣ ተው የሚለው ሳይኖር፣ አይውጠውም። ትራሱ ሥር፣ የጫማው ውስጥ፣ የአበባው ማሰሮ ውስጥ አገኘሁት። ስለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ጊዜ ብቻ "ላይ ለመውጣት ነበር የምውጠው" አለኝ። ሲስተርን ላማክር ሄድኩ። "አፉን ከፍቼ አልከተው" አለችኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን ያዘችኝ። ስድቡን እስካሁን አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ከገባ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን መሰለኝ፣ ጠዋት በድሮ ሰዓቱ ተነስቶ የሥራ ልብሱን ለበሰና ወጣ። ኪኒኑንና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ከሩቅ ተከተልኩት። የሥራው ቦታ ቆርቆሮ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። ክሬኑ ላይ ሌላ ሰው ነው። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። አላየኝም፤ ወይ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

"ቸኩሏል" አለ።

"ማን?"

"እሱ። ጭነቱ ሳይረጋ ነው የሚያዞረው።"

መዳፌን ዘረጋሁ። ኪኒኑን አየው።

"ካልዋጥኩትስ?"

"እኔ እንጃ" አልኩት። "ሌላ መላ አልቀረኝም። ጨው ጠጥቻለሁ፣ ደረጃ ሮጫለሁ፣ በሬዲዮ ተናግሬያለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።"

"ምን ጨው?"

አልነገርኩትም ነበር ለካ። ነገርኩት። ደረጃውንም፣ አሥሩን ደቂቃም። ሲሰማ ዓይኑን ከክሬኑ አላነሳም። ከዚያ ኪኒኑን ከመዳፌ አነሳና አፉ ውስጥ ከተተው፤ ውሃውን ተቀብሎ ጠጣ፤ ጠርሙሱን መለሰልኝ።

"ቤት እንሂድ" አልኩት።

"ሂጂ። ይቺን ጭነት ሲያሳርፍ ልይ።"

እኔም አልሄድኩም። ከላይ ያለው ሰውዬ ጭነቱን እያወዛወዘ ያወርዳል፤ ባለቤቴ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ "ቀስ፣ ቀስ" ይላል፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ። ዛሬ ውጧል። ነገም ጠዋት ኪኒኑን ይዤ እከተለዋለሁ፤ ይውጠው አይውጠው አላውቅም።